ለሚስቴ እህት ሲባል የተፋጠነ ካርድ

ተሸናፊ ሰው ምክንያት አጥቶ አያውቅም። በኳስ የተሸነፈ «ሜዳው ዳገት ነበር» ይላል፤ እዚህ ላሊበላ ደግሞ እውነቱን ነው፣ ዳገት ያልሆነ ሜዳ ከየት ይመጣል? በካርታ የተሸነፈ «አጭበርብረውኝ ነው» ይላል። እኔ በመኪና እሽቅድድም ጌም ሙሉ በምትባለው የሚስቴ ታናሽ እህት ስሸነፍ የከሰስኩት ኮምፒውተሩን ነው።

ሙሉ ሙጃ ከተማ መምህርት ናት። እኛ ዘንድ ስትመጣ እህቷን ስማ ሳትጨርስ ዓይኗ ኮምፒውተሬ ላይ ያርፋል። ኮምፒውተሩ እንኳ የእንጀራዬ ገመድ ነው፤ የምቀርጻቸውን የሠርግ ቪዲዮዎች የማቀናብረው በእሱ ነው። ምስል የሚያፈጥንለትን ውዱን ግራፊክስ ካርድ የገዛሁትም ለሥራ ነው። ለሚስቴ ለብርቱካን የነገርኳት እንደዚያ ነውና እናንተም እንደዚያው ያዙልኝ።

ታዲያ ሙሉ ጥላኝ ስትፈተለክ፣ ምስሉ እየተንቀረፈፈ ነው እንጂ እኔ አልተሸነፍኩም፣ ጥፋቱ የካርዱ ነው አልኩ። «እንግዲያው ለእሑድ ካርድዎን ያስተካክሉና ይጠብቁኝ፣ ጋሼ» አለችኝ። ጋሼ ያለችኝ ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ። አርጅተዋል ለማለት ነው።

ካርዱ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ሊሮጥ እንደሚችል ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው። ኦቨርክሎክ ይሉታል። ደንቡን ኢንተርኔት ላይ አነበብኩት፦ ትንሽ ጨምር፣ ፈትነው፣ ሙቀቱን እይ፤ ከተረጋጋ ደግሞ ትንሽ ጨምር፤ ምስሉ ከተዛባ ወደኋላ መልስ፤ ቮልቴጁን አትንካ። ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አይደለም? አባቶቻችን ካርድ ባይኖራቸውም ኦቨርክሎክን ጨርሰውታል።

ብርቱካን ግን የጨነቃት ሌላ ነው። ኩልመስክ ከተማ የቀረጽኳቸው ሙሽሮች ቪዲዮ ገና አላለቀም ነበር። «ካርዱ ቢቃጠል በምን ልትጨርስላቸው ነው? በእርሳስ ልትስላቸው ነው?» አለች። ቪዲዮውን ሌላ ቦታ ገልብጬ አስቀመጥኩና አጽናናኋት። ከዚያ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቼ የማራገቢያውን አቧራ ጠረግሁ። የላስታ መሬት ታጥቦ አለቀ ሲሉ እሰማለሁ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ የለም። እኔ አግኝቼዋለሁ።

ፍጥነቱን ትንሽ ጨመርኩ፤ ሰላም። ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ፤ አሁንም ሰላም። መኪናዬ እንደ ቅቤ መንሸራተት ጀመረች፣ እኔም ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ነውና ጠግቤ ዘለልኩ፤ አንዴ ብዙ ጨመርኩበት። ይህኛውን ሙከራ ያደረግሁት በሠርጉ ቪዲዮ ላይ ነበር፤ የኩልመስኳ ሙሽራ ፊቷ አረንጓዴ ሆነ፣ ሚዜዎቹ እንደ ተልባ ተበተኑ። በድንጋጤ ወደኋላ መለስኩት። ሙሽራዋ ወደ ጠይምነቷ ተመለሰች፣ ነፍሴም ወደ እኔ። በዚያው ልክ ተውኩት፤ ኮምፒውተሩንም መስኮት ሥር አስቀምጬ መስኮቱን ከፈትኩለት። የእኛ አገር ብርድ እያለ ሌላ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙሉ መጣች፤ አባቷም፣ አማቼ ቄስ ሞላ፣ አብረዋት መጡ። እሳቸውን መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር አስቀመጥናቸውና ውድድሩ ተጀመረ። ምን ልበላችሁ! ካርዱ በረረ፣ እኔም በረርኩ። ሙሉን ቀደምኳት። ዳኛዋ ብርቱካን ናት፤ «ኧረ ቀደማት!» ብላ ጮኸች። በደስታ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ድንገት ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር ማሻቀብ ጀመረ። ሰባን አለፈ፤ ሰማንያን አለፈ። ወዲያው ስክሪኑ ጨለመ፣ ኮምፒውተሩም ጸጥ አለ። በዚያች ቅጽበት የታዩኝ የኩልመስክ ሙሽሮች ናቸው፤ ከነዘመዶቻቸው፣ ከነዱላቸው።

ዞር ስል ኮምፒውተሩ ጋቢ ለብሷል። ጭራሽ ተከናንቧል! የአማቼ ጋቢ ነው።

«አባ፣ ምነው?» አልኩ።

«ነፋሱ እየገባበት ሲያጓራ ብሰማው ጊዜ አሳዘነኝ፣ ልጄ» አሉ፣ እሳቸው በነጠላ ብቻ እየተንዘፈዘፉ። «በርዶት መሰለኝ።»

እኚህን ሰው እንዴት ይቆጧቸዋል? ጋቢውን ገፍፌ መልሼ አለበስኳቸው። ካርዱን በእጄ ባልነካውም ወላፈኑ ፊቴን ገረፈኝ። ሲቀዘቅዝ ጠበቅንና ቁልፉን ተጫንኩ። ብርቱካን ትንፋሿን ይዛለች፤ አማቼ በመስቀላቸው ባረኩት። ስክሪኑ በራ! ለካ ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ጠፍቶ ኖሯል። ብርቱካን እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሙሽራዋንም ከፍተን ፊቷን አየን፣ ጠይም ናት።

ውድድሩ እንደ አዲስ ተጀመረ። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ምስሉ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። ለምክንያት የሚሆን አንዲት ቀዳዳ አልቀረችም። እኔም በዚያ ሁሉ ፍጥነት የመጀመሪያውን ኩርባ ስቼ ገደል ገባሁ።

ሙሉ መስመሩን አልፋ፣ መኪናዋን አቁማ፣ ወደ እኔ ዞረች። «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ካርዱ ነበር» አለች። «ዛሬ ገደል ሲገቡ የታርጋ ቁጥርዎ ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየኝ።»