ቱርቦ ያጠፉት ጓድ

መሥሪያ ቤት ውስጥ የበራ ያገኘውን ሁሉ እያጠፋ የሚዞር ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? ደብረ ብርሃን እኛ ቢሮ ነበሩ፤ የንብረት ክፍሉ ጓድ ደምሴ። ሌላው ለአብዮቱ ሲታገል እሳቸው ከአምፖል ጋር ይታገሉ ነበር።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ለቢሯችን ኮምፒውተር መጣና ለእኔ ለጸሐፊዋ ተሰጠኝ። መጀመሪያ ላይ በረረ። በኋላ ግን አንዲት ፊደል ስመታ ቆይቶ፣ አስቦበት ያወጣት ጀመር። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ፈታትቶ አየው፤ መልሶ ገጠመው።

«ውስጡ ተበላሽቷል፤ ይዤው እሄዳለሁ» አለ።

ወደዚያ ጣት ሰባሪ ታይፕራይተር ልመለስ ነው!

ጓድ ደምሴ ግን ተቆጡ። «እንዴት ይበላሻል? እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው! ቱርቦውን እንኳ ያጠፋሁት እንዳይደክም ብዬ ነው።»

«የቱን ቱርቦ?» አለ ባለሙያው።

«ፊቱ ላይ ‹ቱርቦ› ተብሎ የተጻፈበትን ቁልፍ ነዋ! ቱርቦ የጣርማ በርን ዳገት ለሚወጣ የጭነት መኪና ነው። ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ዕቃ ምን ያደርግለታል?»

ባለሙያው ማፍጠኛ ቁልፉን ተጫነ። ስመታ ፊደሎቹ እንደ ቆሎ ተንጣጡ። በደስታ እልል ልል ስል ጓድ ደምሴ ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ እንዲህ ከፈጠነ ሥራሽን እስከ ምሳ ትጨርሻለሽ?»

«እንዴታ ጓድ!»

«እንግዲያው ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ ይጠፋል።»