ቤተሰብ አጥኚው ተከራይ

የሰውን ቤተሰብ ከባለቤቶቹ በላይ አውቃለሁ የሚል ፍጡር ቢኖር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ነው። ሩቅ ሳትሄዱ እኔን ውሰዱ። ከደሴ መቐለ ድረስ መጥቼ፣ ለገዛ እናቴ በወር አንዴ መደወል እያቃተኝ፣ የሰው ቤተሰብ አጠና ነበር።

የያዝኩት ንድፈ ሐሳብ «የዕድገት ሥርዓቶች» ይባላል። ግርማ ሞገሱን አያችሁልኝ? ሲፈታ ግን ሰው ብቻውን አያድግም፤ ከቤቱ፣ ከጎረቤቱ፣ ከሥራውና ከዘመኑ ጋር እየተሳሳበ ይለወጣል፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይነቃነቃል ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ሁለት ሴሚስተር ፈጀብኝ።

አማካሪዬ ቁጥር እንደማይፈልጉ ነግረውኝ፣ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ጠልቄ እንድገባ አዘዙኝ። መጥለቅ ከሆነ ምን ሩቅ ያስኬደኛል? ሓድነት ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ከባለቤቶቹ በር አምስት እርምጃ ናት። አከራዬን ወይዘሮ ለተብርሃንንና ልጃቸውን ሰላምን መረጥኩ። ምስጢራቸው እንደሚጠበቅ የሚገልጸውን ወረቀት እንደ ዐዋጅ ቆሜ አነበብኩላቸው፤ ፈረሙ።

መጀመሪያ ሰላምን ለብቻዋ ጠየቅኳት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። እናቷን ትወዳለች፤ ግን የራሷን ቁልፍ ይዛ ለብቻዋ መኖር ያምራታል፤ መናገሩን ፈርታለች። «ሓደራ፣ በማርያም» አለችኝ፣ ሦስት ጊዜ።

በማግስቱ የእናትየው ተራ ሆነ። እኔ ምስጢር ጠባቂው፣ ስም ሳልጠራ፣ በታላቅ ጥበብ፣ «ለምሳሌ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሴት ልጅዎ ሳታገባ ቤት ተከራይታ ብትወጣ ምን ይሰማዎታል? ስንት ሴት ልጅ ያላቸው ይመስላችኋል? አንድ!

ወይዘሮ ለተብርሃን አለቀሱ። መቅረጫዬን ዘጋሁ፤ ከልቤ አፈርኩ። ሰላም ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሰችም።

በአራተኛው ቀን እናትየው አስጠሩኝ። ቁጣ ስጠብቅ ፊታቸው በርቷል። ለካ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው ተነጋግረዋል፤ ሰላም የራሷ ክፍልና የራሷ ቁልፍ ይኖራታል፣ ከግቢው ግን አትወጣም። «ወደይ፣ የኔ ልጅ፣ አንተ ባትጠይቀኝ የልጄን ልብ መቼ አውቅ ነበር!» ብለው መረቁኝ። ሳይንስ ቤተሰብ ሲያስታርቅ በዓይኔ አየሁ ብዬ ተኮፈስኩ። ግቢው ውስጥ ያለችው ትርፍ ክፍል አንዲት ብቻ መሆኗን፣ እሷም የእኔ መሆኗን ያስታወስኩት እስከ ቅዳሜ እንድለቅላቸው በትሕትና ሲለምኑኝ ነው።

ፍራሼን ተሸክሜ ወጣሁ። ይህንኑም፣ አንዱ ሲነካ ሌላው እንዴት እንደሚነቃነቅ፣ አንድ ሳላስቀር ጽፌ አስገባሁ። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ አስተያየታቸውን አስፍረው መለሱልኝ፤ «ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን አጥኚው ከቤተሰቡ ውጭ ሆኗል፤ ተመልሶ ይግባ።»