ቢጫ የተቀባችው አውሮፕላን

ሰው ተራራ ሊወጣ ሲመጣ ምን ይይዛል? ውሃ፣ ዱላ፣ ኮፍያ። ስሜን ሊወጡ ደባርቅ ያደሩ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ግን በሻንጣቸው የፕላስቲክ አውሮፕላን ይዘው መጡ። ስልካቸውን ብጠግንላቸው ካርቶኑን እንዳለ አሸከሙኝ። ምስጋና ይሁን ሸክም ማራገፍ እስካሁን አልገባኝም።

ካርቶኑን ስከፍተው አውሮፕላን የለም፤ የአውሮፕላን ብትንትን ነው ያለው። ክንፍ ለብቻ፣ ጭራ ለብቻ፣ ከምስር የምታንስ ጎማ ለብቻ። ቆይ ላስረዳችሁ። (እናቴ "ይኼን ልጅ ጨው አቀብለኝ ካሉት ከአፋር ነው የሚጀምረው" ትላለች። እውነቷን ነው።) በጦርነት ዘመን አብራሪዎች ይማሩባት የነበረች የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞዴል ናት፤ ከእውነተኛዋ ሰባ ሁለት ጊዜ ታንሳለች። በዚህ ስሌት እኔን ቢሠሩኝ ቁመቴ ከጣት አንጓ አያልፍም።

የምሠራው መናኸሪያው አጠገብ፣ የሰው ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። የደባርቅን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎማዋን በወረንጦ ይዤ ላጣብቅ ስል ንፋሱ መስኮቷን ይወስዳል። መስኮቷን ሳሳድድ ጎማዋ ጣቴ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። አንድ ቀን ባለጎማ ጣት ይዤ ዋልኩ።

ጎረቤቴ አያ ታከለ እህል ነጋዴ ናቸው። ጠዋት ጠዋት እየመጡ ይቆሙብኛል።

"አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትበር?"

"አትበርም አያ፤ ሞዴል ናት።"

"ታዲያ ምን ትሠራለች?"

"ትታያለች።"

"መታየትማ የእኔ በቅሎም ትታያለች። እሷ ግን ጤፍም ትጭናለች።"

እኔም ወደ ጎማዬ ተመለስኩ።

ደግሞ ቀለም። ቢጫ መሆን ነበረባት፤ ደባርቅ ውስጥ ለስንዝር ዕቃ የሚሆን ቢጫ ያገኘሁት እንድሪስ ሱቅ፣ የጥፍር ቀለም ብቻ ነው። እንድሪስ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለአውሮፕላን ነው አልኩት። "ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው" አለና ጠቀሰኝ።

አሁን ወደ ጭንቄ ልምጣ። ክረምት ሊገባ ነው። ያ በረንዳ ዝናብ አይመልስም፤ ዝናብ ከወረደ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የሰው ስልክ ሁሉ ዋና ሊማር ነው። ስለዚህ አንድ ቢሮ ሄጄ ሼድ ለመንኩ። (የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ጣሪያ የቸገረኝ እኔ እንጂ እናንተ አይደላችሁ።) ስልክ ጠጋኝ ሞልቷል፣ ሼድ የሚሰጠው የፈጠራ ሥራ ላለው ነው ተባልኩ። ይኼኔ ወሬ ረዳኝ። ደባርቅ ውስጥ አንድ ወጣት አውሮፕላን ሠራ የሚል ወሬ ዳባት ደርሶ፣ እዚያ ሞተር ተገጥሞለት ተመለሰ። ቢሮው ሊጎበኘኝ መጣ።

ኃላፊው ከተሾሙ ገና ወራቸው ነው። ከኋላቸው አጃቢ ተሰልፏል፤ ሁሉም መንገድ እንደሚሠራ ሰው የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሰዋል። ኃላፊው ጎንበስ አሉና "ለምን ቢጫ ሆነች?" አሉኝ።

ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የእኔ አፍ ግን መች ተዘግቶ ያውቃል?

"ጌታዬ፣ ቢጫ የሚደረገው የያዛት ሰው ገና ተማሪ ስለሆነ ነው። ሥራውን አያውቀውም። ሌላው ከሩቅ አይቶ እንዲሸሸው ነው። ከኋላ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይቀመጥና፣ ተማሪው ሲሳሳት መሪውን ይቀማዋል።"

ይህን ብዬ ቀና ስል ፊቴ የቆመው ሁሉ ቢጫ ነው። ሰደርያው! ከኃላፊው እስከ ፎቶ አንሺው ቢጫ። ምክትላቸው ከኋላቸው ሆነው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበር! አያ ታከለ ከበራቸው ሆነው "እሰይ!" አሉ። "እኔስ ለምን እንደምሸሻቸው ዛሬ ገባኝ!"

ኃላፊው ጉዳዩ ይጠናል ብለው ሄዱ። ይጠናል የተባለ ጉዳይ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም፤ እናንተም አገር ቤት ነው ያላችሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፤ ዝናቡ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ደግነቱ ሹመትም አይቆምም። ኃላፊው ሥራውን ሳይለምዱት ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወሩ። በምትካቸው ሌላ መጡ። እኔም አውሮፕላኗን ግራጫ ቀብቼ ጠበቅኋቸው።

"ምንድን ናት?"

"ተዋጊ ናት፣ ጌታዬ።"

"ራስህ ነህ የሠራሃት?"

"በእነዚህ እጆቼ።"

"ትበራለች?"

"በሁለተኛው ምዕራፍ።"

ይኼን ስል ፊታቸው እንዴት እንደፈካ! በባዕድ አገር ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው ያገኙ ነው የመሰሉት። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ሼዱ ዛሬውኑ ይሰጠው አሉ።

ይኸው ክረምቱን በጣሪያ ሥር ከረምኩ። በሬ ላይ ቢሮው ያሰቀለው ሰሌዳ "የአውሮፕላን ማምረቻ" ይላል። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቻርጀር እጠግናለሁ። ከዛሪማ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ አውሮፕላን ሊያይ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እሱን እንኳ ማስረዳት ትቻለሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እለዋለሁ፤ ምንም ሳይጠይቅ ይመለሳል።