ክብርት የቅባት ጉዳይ ኃላፊያችን

በየሥራ ቦታው ከፊትህ አስቀድሞ ምሳ ዕቃህን የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ጋ የለም የሚል ካለ ወይ ምሳውን ብቻውን ይበላል፣ ወይ ያ ሰው ራሱ ነው። በእኛ ማተሚያ ቤት ይህን ኃላፊነት በገዛ ፈቃዳቸው የተሸከሙት የመጽሐፍ ጥረዛ ክፍል አለቃዋ ናቸው። ሹመቱን የሰጣቸው የለም። እኛ ግን ከጀርባቸው "ክብርት የቅባት ጉዳይ ኃላፊ" እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት "እትዬ" ነው።

እኔ አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት ስለቅም እውላለሁ፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ የራሴ እንዲለቀም አልፈልግም። ደክሞኛል። ነገር ግን "ደክሞኛል" ብሎ ከእትዬ እጅ ያመለጠ ሰው አላየሁም። ድካሙ ራሱ ከቅባት እጥረት ነው ይላሉ።

አንድ ቀን የተጠበሰ ድንች ይዤ መጣሁ። ገና ክዳኑን ሳነሣ እትዬ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

"ይህ ዘይት ስንተኛ ጥብሱ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ። አልተዋወቅንም።"

"መልኩ ይናገራል። ጠቁሯል እኮ። መድፋት ሲገባህ ሆድህ ውስጥ ደፋኸው።"

ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ የየራሱን ምሳ ዕቃ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበ።

በማግስቱ እርቅ ለማውረድ ብዬ የተቀቀለ ካሮትና ደረቅ ዳቦ ይዤ ቀረብኩ። ጠብታ ዘይት አልነካውም። ምስጋና ቢጤ እጠብቅ ነበር። እትዬ ግን እንደ ሰደብኳቸው ቆጠሩት።

"ካሮት ያለ ቅባት? ውስጡ ያለውን ቪታሚን ሰውነትህ በምን ይውሰደው? ስንቴ ልንገርህ፣ ቅባት አትፍራ፣ ዓይነቱን ምረጥ።"

ይህች "ቅባት አትፍራ፣ ዓይነቱን ምረጥ" የምትባል ንግግር ሰላምታቸውም ስንብታቸውም ናት። የካፖርታቸው ኪስ ለውዝ ነው። መሳቢያቸው ውስጥ ከመርፌና ከክሩ ጎን ግማሽ አቮካዶ ተሸፍኖ ይቀመጣል። የወይራ ዘይት በሽሮፕ ጠርሙስ ይዘው ይዞራሉ፤ በራሳቸው ሰላጣ ላይ ያፈሳሉ፣ ሳትጠይቃቸው በአንተም ላይ ያፈሳሉ። የተፈጨ ተልባ ሻዬ ውስጥ ጨምረው "ጠጣ፣ ለልብህ ነው" ያሉኝን ቀን አልረሳውም። ስልክ ተጠርቼ ቆይቼ ስመለስ ሻዩ ረግቶ ከመጠረዣው ሙጫ የሚለየው በስኳሩ ብቻ ነበር። ጠጣሁት። ከመከራከር መጠጣት ይቀላል።

የቀድሞው ሥራ አስኪያጃችን የተሸኙ ዕለት የሆነውንም ሁሉም ያስታውሰዋል። ሰውየው ቢላዋ ይዘው ኬኩን ሊቆርሱ ሲሉ እትዬ ክሬሙን በጣታቸው ጫፍ ነክተው፣ በሁለት ጣት አሽተው፣ "ይህ ጣት ላይ ያልቀለጠ ነገር ደም ሥር ውስጥ ምን እንደሚሠራ እስቲ ያስቡት" አሉ። ሥራ አስኪያጁ አሰቡት። ቢላዋውን አስቀምጠው ወደ ንግግራቸው ገቡ። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ ኬኩም ሳይቆረስ ዋለ።

እንዲህ እየኖርን ሳለ ሹፌራችን ታመመ።

ሹፌራችን ሳቁ ከመኪናው ጥሩምባ ቀድሞ የሚሰማ፣ ምሳውን እንደ ቆመ የሚጨርስ ግዙፍ ሰው ነበር። የወረቀት ጥቅል ሲያራግፍ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ሆስፒታል ሰንብቶ ተመለሰ። ሐኪሟ ቅባት ቀንስ ብላዋለች፤ እሱ የሰማው ግን "ቅባት ከቀመስክ አለቀልህ" የሚል ነው። ቅቤና ሥጋ ብቻ አይደለም፣ ዓሣውንም ለውዙንም፣ ዘይት በአጠገቡ ያለፈበትን ሁሉ እርም አለ። ነጭ ሩዝና ሻይ ብቻ ቀረ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሳቁ ጠፋ። ከእኛ ጋር መብላቱንም ትቶ መኪናው ውስጥ በሩን ዘግቶ መመገብ ጀመረ።

እኛ "ይሻለዋል" እያልን እናልፈው ነበር። መኪናው ድረስ የሄደ ሰው የለም። እትዬ ሄዱ። እኔንም "ና ተከተለኝ" አሉኝ። አሁን ደግሞ በዚህ ምስኪን ላይ ስብከት ሊጀመር ነው ብዬ እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኩ።

እትዬ በሩን ከፍተው ከጎኑ ተቀመጡ። እኔ ውጭ ቆምኩ። ሹፌሩ ሩዙን በማንኪያ ያገላብጣል እንጂ አይበላም።

"ይጣፍጣል?" አሉት።

"አይ፣ እትዬ። የሚጣፍጥ ነገር ፈራሁ።"

እትዬ ማንኪያውን ከእጁ ወስደው ክዳኑ ላይ አስቀመጡት።

"ልጆቼ ገና ናቸው" አለ ሹፌሩ። "ሌሊቱን ደረቴን ሳዳምጥ ነው የማድረው። አንድ ነገር ቀምሼ ቢያመኝ፣ ራሱ ያመጣው ነው ይባላል።"

ስብከቱን ጠበቅኩ። አልመጣም።

"እኔ ሐኪም አይደለሁም" አሉ እትዬ። ይህን ከአፋቸው እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። "ግን እንዲህ ሆነህም አትቆይም። ነገ አብረን ሄደን እንጠይቃታለን።"

በማግስቱ ሄድን። ሹፌሩ አቅም ስላነሰው መኪናውን እኔ ነዳሁ። ሐኪሟ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ወጣት ነበረች። የሚበላውን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ዓሣ ይተዉ ያልዎት ማነው?"

"እርስዎ ነዎት" አለ ሹፌሩ።

"እኔ ያልኩት ቅቤውን፣ የሰባ ሥጋውንና ጥብሱን ይቀንሱ ነው። ዓሣ ይብሉ። ጨው የሌለው ለውዝ አንድ እፍኝ። አቮካዶ ይብሉ። ምግብዎ ላይ ትንሽ የወይራ ወይም የሱፍ ዘይት ጣል ያድርጉበት። መድኃኒቱን ብቻ እንዳያቋርጡ።"

እትዬ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ዘውድ ሊጫንላቸው የመጣ ይመስል ነበር።

"እኔስ ምን ስል ኖርኩ" አሉ። "እኔ እንኳ የወይራ ዘይቱን ሳልሰስት ነው የማፈሰው።"

"ስንት ማንኪያ?"

"በማንኪያ አይደለም።"

"ታዲያ በምን?"

"ጠርሙሱ እስኪበቃው።"

ሐኪሟ ፈገግም አላለችም። "ጥሩውም ቢሆን ሲበዛ ያወፍራል፣ እናቴ። በማንኪያ ይለኩት።"

ስንመለስ እትዬ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሲያዩ ነበር። እኔ በመታረማቸው ልደሰት ሞከርኩ፤ ግን አልሆነልኝም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ለሹፌሩ ነው። በዘይቱ ጠርሙስ አንገት ላይ ማንኪያ በጥረዛ ክር ታስሯል። ሹፌሩ መጀመሪያ ከመኪናው፣ ከዚያ ከበሩ ደፍ፣ በኋላም ከጠረጴዛችን ጥግ ሆኖ መብላት ጀመረ። ፊቱ ቀስ በቀስ መለስ አለ። መድኃኒቱም ዕረፍቱም የየድርሻቸውን ሠርተው ይሆናል፤ እትዬ ግን ድርሻ ማካፈል አይወዱም። አንድ ቀን የእኔን ምሳ ዕቃ ከፍተው ሲተክዙ ሹፌሩ ሳቀ። የድሮውን ያህል ባይሆንም ሳቅ ነበር። ሁላችንም እንዳልሰማ ሰው መብላታችንን ቀጠልን።

ባለፈው ሳምንት የጠፋ ረቂቅ ፍለጋ ወረቀት መጋዘን ገባሁ። ከጥቅሎቹ ኋላ እትዬ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ዘይት ጠጥቶ ብርሃን የሚያሳልፍ የወረቀት ከረጢት አለ፣ እጃቸው ላይ ደግሞ የተገመጠ ቦምቦሊኖ። ጉንጫቸው ሙሉ ነው።

ይህችን ቀን ለዓመታት ስጠብቃት ኖሬያለሁ። የምለው ሁሉ አፌ ላይ ተደርድሮ ነበር።

እትዬ ዋጡ። "በወር አንድ ጊዜ ነው" አሉ። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ "በሳምንት" አሉ።

መልስ ሳልሰጥ የሹፌሩ ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ። "እትዬ፣ የት ገቡ? ዓሣ ራሴ ሠርቼ አመጣሁ፣ ይዩልኝ።"

እትዬ ከረጢቱን አዩ፣ እኔን አዩ። በዚያ ፊት ላይ ፍርሃት አይቼ አላውቅም ነበር። ሹፌሩ ከረሃቡ የወጣው እሳቸውን አምኖ ነው።

ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

"እዚህ የሉም" አልኩት። "ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብተዋል። እስቲ አምጣው፣ እኔ ልየው።"

"አንተ ምን ታውቃለህ?"

"ስንት ዓመት ሰማሁ፣ ምን ቀረኝ። ክፈተው።"

ከፈተው። ጎንበስ ብዬ በጥሞና ተመለከትኩ። ከበሩ ኋላ ከረጢት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘይቱን በስንት ማንኪያ እንደ ለካው መጠየቅ ጀመርኩ።