የተመረገው ባልዲ

አዲስ ዕቃ ሲገዙ ከካርቶኑ አስቀድመው የመመሪያውን ወረቀት የሚጥሉ ሰዎች አሉ። ከእናንተም መካከል አይጠፉም፤ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን መመሪያን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የማነብ፣ የቤቴንም ዕቃ ሁሉ በፊደል ተራ ደርድሬ ስሙን የምለጥፍበት ሴት ነኝ። ባለቤቴ ጨው ሲፈልግ «ጨ» ዘንድ ይሄዳል። ትዳራችን ሰላም የሆነውም በዚህ ይመስለኛል።

ይህ ሥርዓቴ ክፉኛ የተፈተነው በማኅበራችን ምክንያት ነው። እንጅባራ ውስጥ የምንጠጣው የማርያም ማኅበር አንድ የማይታለፍ ደንብ አለው፦ ተረኛዋ ጽዋውን በገዛ እጇ ጠምቃ ታቀርባለች። ባለፈው ተራዬ የትምህርት ቤት ፈተና እያረምሁ ጊዜ ስላጣሁ የጠርሙስ ቢራ አቀረብሁ። ሁሉም ጠጡ፤ ጎረቤቴና የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን እትዬ ሙሉ ግን ጠርሙሳቸውን ሳይከፍቱ ወንበራቸው ሥር አስቀምጠውት ሄዱ።

ዘንድሮ ተራዬ ሲቃረብ መጡና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔ እጠምቅልሻለሁ፤ ጌሾውን ዘፍዝፌዋለሁ። አንቺ መቅዳቱን አታጪም» አሉኝ።

ከዚህ የከፋ ደግነት ታውቃላችሁ? ያን ጠላ ብቀበል ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቴ «እትዬ ሙሉ የሚጠምቁላት መምህርት» ተብዬ በቀረሁ ነበር። ስለዚህ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ የነበረው ወንድሜ ያመጣልኝን ቆርቆሮ ከ«ቀ» መደርደሪያ አወረድሁ። ውስጡ እንደ ማር የወፈረ፣ ጠቆር ያለ የብቅል ጭማቂ ነው። ከእሱ ጋር የታሸገ እርሾና ክዳን ያለው ባልዲ አለ፤ ከክዳኑ ላይ ደግሞ የሚብላላው መጠጥ የሚተነፍስባት፣ ውሃ የምትይዝ ትንሽ ቧንቧ ተተክላለች። ጭማቂውን በፈላ ውሃ ማሟሟት፣ ማቀዝቀዝ፣ እርሾውን መነስነስ፣ ከድኖ መጠበቅ፤ ሥራው ይኸው ነው።

እትዬ ሙሉ ደጃፉ ላይ ቆመው መረመሩኝ።

«ብቅሉን ማን አበቀለው?»

«ፋብሪካ።»

«ጌሾውንስ?»

«ጌሾውን የሚተካው እዚያው ውስጥ አለ።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው የእኛ ነው።»

«ተመስገን! እጅሽ የነካው ነገር ተገኘ።»

እርሾው ግን የእንጅባራን ብርድ እንዳየ ተኛ። መመሪያው ሞቅ ያለ ቦታ ይላል፤ ሞቅ ያለ ቦታ ከኛ ከተማ የት እንደሚገኝ ግን አይናገርም። ባልዲውን በጋቢ ጠቀለልሁት፤ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካንም በጎኑ አስጠጋሁለት። እትዬ ሙሉ «እሹሩሩ በይው እንጂ፣ ምን ዝም ትይዋለሽ?» እያሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አንድ ጠዋት ቧንቧዋ ቡልቅ አለች። ደግማ ቡልቅ አለች። ክፍል ገብቼ ሳስተምር የተማሪዎቼ ጥያቄ እንኳ ሙዚቃ መስሎ ተሰማኝ።

ከሰዓት ስመለስ ግን ሙዚቃው የለም። ለአደጋ ጊዜ ብዬ ቁልፍ የሰጠኋቸው እትዬ ሙሉ እጃቸውን እየታጠቡ ነው። ባልዲው ከነቧንቧው እንደ ጠላ ጋን በጭቃ ተመርጓል።

«ጉልበቱ በዚያች ቀዳዳ ሲወጣ ደረስሁልሽ» አሉኝ በኩራት። «እንዴት አፉን ከፍተሽ ትሄጃለሽ?»

ክዳኑ የመውለጃዋ ቀን እንደደረሰ ሴት ሆድ ተነፍቷል። የኬሚስትሪ መምህርት ስለሆንሁ የታመቀ ጋዝ ምን እንደሚያደርግ አላጣሁትም። «እትዬ፣ ይራቁ!» አልሁ። እርሳቸው ይባስ ብለው ቀረቡ። ጋቢውን ክዳኑ ላይ ጥዬ ጠርዙን ቀስ ብዬ ላላ ሳደርገው ጥይት የተተኮሰ መሰለ። አረፋው ፊቴን አጠበኝ፤ ጭቃው በእትዬ ሙሉ ነጠላ ላይ ተለጠፈ። አማተቡ።

«ምን ነበረበት?»

«ትንፋሽ ነው እትዬ። መውጫ ሲያጣ ነው።»

ነጠላቸውን አዩት፤ ባልዲውን አዩት። «ይሄ ሁሉ ጉልበት ከቆርቆሮ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

የፈሰሰው ፈሶ፣ ለማኅበሩ የሚበቃው ተረፈ። ቧንቧዋን አጥቤ መለስኋት፤ መብላላቱ ሲያበቃም ባጠብኋቸው ጠርሙሶች ሞልቼ ቆርኪ መታሁባቸው። በማኅበሩ ዕለት ቄሱ ባርከው ቀመሱና ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው ጨለጡት። ዓይን ሁሉ ወደ እትዬ ሙሉ ዞረ። ተጎነጩ፤ አጣጣሙ፤ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ፣ ማንም «ይጨምሩ» ሳይላቸው፣ ወደ እኔ ዘረጉት።

በዲግሪዬ ምረቃ ቀን እንዲህ አልተደሰትሁም።

«ግሩም ነው» አሉ ድምፃቸውን ለጉባኤው ከፍ አድርገው። «እኔ ባልመርገው ኖሮ ግን ይህ ሁሉ አረፋ ከየት ይመጣ ነበር?» ሴቶቹ ሁሉ እርሳቸውን መረቁ። እኔም አብሬ «አሜን» አልሁ፤ ያሸነፈ ሰው ምን ይጎድልበታል?

የእትዬ ሙሉ ተራ ሲደርስ ቤቴን ሳስተካክል «በ» መደርደሪያ ላይ የቧንቧዋ ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ትዝ ሲለኝ ቀጥታ ጓዳቸው ገባሁ። ትልቁ ጋን እንደ ደንቡ አፉ በጭቃ ተመርጓል። ከጭቃው መካከል ግን የእኔዋ ቧንቧ ቀጥ ብላ ተተክላ ቡልቅ፣ ቡልቅ ትላለች።

«እትዬ፣ ይህች የእኔ አይደለችም?»

«እንዳትነኪያት!» አሉኝ እጄን መታ አድርገው። «ይተንፍስባት!»

ቤቴ ተመልሼ ከባዶው ቦታ ላይ «ቧንቧ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር «እትዬ ሙሉ ዘንድ» ብዬ ጨመርሁበት። ሁሉም ነገር በቦታው ሆነ።