ቀጣሪዎቼን የጠየቅሁ ዕለት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ሕልም አየሁ።

በሕልሜ የግቢያችንን በር ስከፍት ሰልፍ ጠበቀኝ። ሰልፉ ከገርጂ ሰፈራችን ተነሥቶ እስከ ቀለበት መንገዱ ይደርሳል። የተሰለፉት የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሥራ አስኪያጆች ነበሩ። ከረባታቸውን አስረው፣ የትምህርት ማስረጃቸውን በፕላስቲክ ማኅደር አቅፈዋል። እኔ በሲስተም አናሊስትነት፣ የመሥሪያ ቤትን አሠራር አጥንቶ የኮምፒውተር ሥርዓት በመንደፍ ሥራ፣ ለመቀጠር አሥራ አንድ ጊዜ ቃለ መጠይቅ ተቀምጬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ «እንደውላለን» የተባልኩ ሴት ነኝ። አሁን ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ደስታው እግሬን መሬት አላስረግጥ አለኝ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ተራ ቁጥር ያድላል። እናቴ «ስልካችሁን አጥፉ፣ ልጄን እንዳታደክሟት» እያለች ታስጠነቅቃለች።

መጀመሪያ የገባው አቶ ደረሰ ነበር። ባለፈው ስጠየቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ያሰናበተኝ ሰውዬ ነው። አሁን የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማኅደሩን አቅፏል። አንቱ ልለው ነበር፤ ምላሴ ሳታስፈቅደኝ አንተ አለችው።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?»

«እርስዎ በፈቀዱልኝ ቦታ፣ ወይዘሪት ወይንሸት።»

ድንገት ሳሎናችን የእሱ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ሆነ። ጠመኔ ሰጠሁትና በኩባንያው አንድ ሰው ከማመልከቻ ጀምሮ እስኪቀጠር ያለውን ሂደት ሰሌዳ ላይ በሥዕል እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ሳጥን በሳጥን ላይ እየሣለ በቀስት አገናኘ። ሰሌዳው አለቀበት። ግድግዳው ላይ ቀጠለ፣ ደረጃውን ወረደ፣ አስፋልቱ ላይ ወጣ። እኔም ጫማዬን እያንቋቋሁ ተከተልኩት። ታክሲዎች ለቀስቱ ቆመው አሳለፉት። የትራፊክ ኮፍያ ያደረገች አህያ ፊሽካ ነፍታ ወደ ግራ መለሰችው። ቀስቱ መገናኛን ዞሮ፣ ቦሌን አቋርጦ፣ ተመልሶ መጀመሪያ የሣለው ሳጥን ውስጥ ገባ።

አቶ ደረሰ ላቡን ጠረገ።

«ቃለ መጠይቁን ያለፈ ሰው የሚገባበትስ የታል?» አልኩት።

ቀስቱን በጣቱ ተከተለ። «እሱን አልሠራንም» አለ ቀስ ብሎ። «ማንም ጠይቆን አያውቅም።»

ልቆጣው ይገባኝ ነበር። ግን እጄ ጠመኔውን ለማግኘት ቸኮለ፤ ስንት ዓመት የተማርኩት ሥራ እኮ ይኸው ነው። መንገዱ መሃል ላይ አንድ ሳጥን ሣልኩ። ሳጥኑ በር ሆኖ ተከፈተ። በየኩባንያው ወንበር ላይ አብረውኝ የጠበቁ ሰዎች ሁሉ ማኅደራቸውን እንደያዙ ተግተልትለው ገቡ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አህያዋም ፊሽካዋን ነፋች። አቶ ደረሰ ጎንበስ ብሎ መቼ ሥራ እንደምጀምር ጠየቀኝ። «አሁን!» ልል አፌን ስከፍት ትከሻዬን አንድ ሰው ነቀነቀኝ።

ነቃሁ። የአንድ ኩባንያ እንግዳ መቀበያ ውስጥ፣ ለቃለ መጠይቅ ጠዋት መጥቼ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ነኝ። የመቀበያዋ ልጅ አጠገቤ ቆማለች።

«እህቴ፣ ተነሺ። ቃለ መጠይቁ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ሲስተም የለም፤ የአመልካቾች ስም ደግሞ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።»

ሲስተሙ መቼ እንደሚሠራ ጠየቅኋት።

«አናሊስት ስንቀጥር» አለችኝ።