እንብላ ያልኩበት ደሴት

ልደታ ውስጥ ብቻውን መሆን የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚያደርግ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ቤቱን ዘግቶ ቢቀመጥ "ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?" ብሎ የሚያንኳኳ ይመጣል። አሞኛል ቢል ጠያቂው ብርቱካኑን ይዞ ደረጃው ላይ ይሰለፋል። ተኝቷል ቢባል "እስኪነሳ እንጠብቀው" ብለው ሳሎኑ ውስጥ ይቀመጡለታል። የኮንዶሚኒየማችን ግድግዳም ስሙ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ እኔ ሳስነጥስ ከላይኛው ፎቅ "ይማርዎ!" ይሉኛል። እናንተ ሰፈር ከዚህ የተለየ ከሆነ አንድም ሀብታም ናችሁ፣ አንድም ጎረቤት ተቀይሟችኋል።

ምግብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብስብናል። ሰው ሳይጋብዙ መጉረስ የሚባል ነገር አልፈጠረብንም። ታክሲ ውስጥ ሙዝ የላጠ ሰው ግራ ቀኙን አይቶ "እንብላ" ሳይል አይነክሳትም። ለአምስት ሰው አንዲት ሙዝ! ተጋባዡም ደንቡን ስለሚያውቅ "ብላ፣ ይባርክልህ" ይልና ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። ማንም ከምሩ አይበላም፣ ማንም ከምሩ አይቀየምም። የሚያስቀይመው አለማለት ነው።

የእኔ ጣጣ የመጣውም ከዚሁ ነው። ባለቤቴ አሰለፈች ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አንድ እሑድ ልጃችን ሕይወት በራሷ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ፣ እኔ ምሳዬን አቅርቤ ማዶ ላለው ባዶ ወንበር "እንብላ" ስል ደረሰች። ልማድ ነዋ! አርባ ዓመት ሙሉ ያልኩትን አፌ በምን ይተወው?

"አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከማንም።"

"እሱ ነው እኮ የሚያስፈራው" አለች፤ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ልቀቅና አያት ሰፈር እኔ ጋ ግባ ሆነ ዘፈኗ። እሷ እዚያ ሰፊ ቤት አላት፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኔ ደግሞ ልደታ ተወልጄ፣ ልደታ አድጌ፣ ልደታ ያገባሁ ሰው ነኝ። ከዚህ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው አልኩ። አንድ ወር ከተከራከርን በኋላ ተወራረድን። ሰው በሌለበት ሦስት ቀን ብቻዬን፣ ከማንም ጋር ሳላወራ ከከረምኩ ቤቴ ለእኔ፤ ያለዚያ አያት። እሷ ሱባዔ የምገባ መስሏት ነበር። እኔ ሐይቅ መረጥኩ።

ሐይቅ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ስንት ዘመን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስላቸው ኖሬ፣ እጄን እንኳ አንዳቸው ውስጥ ነክሬ አላውቅም። እናም ድንኳን፣ በሶና ደረቅ ዳቦ ሸክፌ፣ ስልኬን አጥፍቼ ዝዋይ ወረድኩ። ታንኳ ያከራየኝ ገመቹ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው።

"ጋሼ፣ ዋና ይችላሉ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያው ከታንኳው አይውረዱ" አለኝ በቁም ነገር። በማለዳ መቅዘፍ ካስተማረኝ በኋላ፣ ማዶ ያለችውን ሰው የማይኖርባትን ትንሽ ደሴት በአገጩ አሳየኝ። "እዚያ ማደር ይቻላል። ሲበሉ ግን ዝም ብለው ይብሉ።"

"ለምን?"

"እኛም ዝም ነው የምንለው" አለና መረቡን መጠቅለል ቀጠለ። እኔ ምግብ የሚነጥቅ ወፍ ቢኖር ነው ብዬ አለፍኩት።

መቅዘፍ የሚሉት ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ታንኳዋ ገና ከዳርቻው ደንገል ሳትወጣ ሦስቴ ክብ ዞራ ወደ ገመቹ መለሰችኝ። በአራተኛው ግን ሄደች። መሀል ስደርስ መቅዘፊያውን አሳርፌ አዳመጥኩ። ምንም! ጸሎት የለ፣ ጥሩምባ የለ፣ የጎረቤት ሬዲዮ የለ። ይህን ሁሉ ዘመን የተመኘሁት ዝምታ ይኸው መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚያዳምጠኝ መሰለኝ። ነፋስ ሳይኖር በደሴቷ ዳር ያለው ደንገል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ጉማሬ ይሆናል አልኩ። ሰው ጉማሬ ይሁንልኝ ብሎ የሚጸልይበት ቀን እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ስለ ሌሊቱ አልተርክላችሁም፤ ሌሊትማ ማንም ይፈራል። እኔን ጉድ ያደረገኝ ቀትር ነው። ደሴቷ ላይ በደረስኩ በመጀመሪያው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ አንዲት ግራር ሥር ተቀምጬ ዳቦዬን ቆረስኩ። አፌ፣ ያ የልደታ አፍ፣ እኔን ሳያማክር "እንብላ" አለ።

"ብላ፣ እኔ ቀምሻለሁ።"

የሴት ድምፅ ነው። ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። በስማም! ቃሉ የአሰለፈች ነው። እሷ አንድም ቀን ራበኝ ብላ አታውቅም። ደመወዜ ከወር አጋማሽ በማያልፍበት ዘመን ልጅቷንና እኔን ታበላና፣ አንቺስ ስንላት "እኔ ቀምሻለሁ" ትላለች። መቼና ምን እንደቀመሰች ግን አይተናት አናውቅም።

ተነሥቼ ፈለግኩ። ደሴቷ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሳይጨርሱ የምትዞር ናት። ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ በአንድ እግሩ የቆመ አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ወፍ፤ ሌላ የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አባ ኮዳውን ጠርጥሬ ትክ ብዬ አየሁት። እሱም ትክ ብሎ አየኝ። ወዲያው ልቀዝፍ ስል የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን አናወጠው፤ መሄጃ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ነበር፤ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። የቀረሁት ለውርርዱ ነው ብዬ ብዋሻችሁ አታምኑኝም። ቀትር ሲሆን ዳቦዬን ቆርሼ "እንብላ" አልኩ። ዝም። ደገምኩት። ዝም። በሦስተኛው ጮኼ ተጣራሁ፤ ውሃው ብቻ ድንጋዩን ላሰ። ሲመለስልኝ የፈራሁት ሰውዬ፣ ሳይመለስልኝ ሲቀር አለቀስኩ። ልቅሶው ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ያኔ ትንሽ ድምፄን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ሃያ ሰው "በቃ፣ በቃ፣ እግዜርን አታስቀይም" እያለ ይይዘኝ ነበር። እዚያ በቃ የሚል አልነበረም፤ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ውርርዱ ትዝ አለኝ። ከማንም ጋር ሳላወራ ነበር የተባለው፤ እኔ ሁለቱንም ቀን አውርቻለሁ። ዛሬ እንኳ ልጠንቀቅ ብዬ፣ ከንፈሬን ገጥሜ፣ ማንንም ሳልጋብዝ ዳቦዬን ነከስኩ። ከኋላዬ፣ ከመጀመሪያው ቀን ቀረብ ብሎ፣ ልክ ማጅራቴ ላይ፣

"ዛሬ እንብላ የለም እንዴ?"

ድንኳኔ እዚያው ቀረ። በሶው ቀረ። የግራ እግር ጫማዬም ቀረ። ታንኳዋ ያን ዕለት ክብ መዞር የሚባል አላሰበችም፤ ቀጥ ብላ ገመቹ እግር ሥር ደረሰች። ገመቹ ባዶ እግሬን አይቶ "ሲበሉ ተናገሩ፣ አይደል?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ አልጠየቀኝም፤ ውሃ ሰጠኝ።

ልደታ ስገባ ሕይወት ቤቴ ውስጥ እራት ሠርታ ትጠብቀኛለች።

"ሦስት ቀን?"

"ሦስት ቀን።"

"ብቻህን? ከማንም ጋር ሳታወራ?"

እንግዲህ ፍረዱ። እውነቱን ብናገር አበደ ተብዬ ዛሬውኑ አያት መግባቴ ነው። "ዝም ብዬ ነው የከረምኩት" አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ትናደዳለች ብዬ ስጠብቅ ልጄ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለችና ማልቀስ ጀመረች። "እንድትሸነፍ ነበር እኮ የፈለግኩት። ያን ቀን ለወንበሩ ስትናገር የደነገጥኩት ያበድክ መስሎኝ ነው? እኔም እንደዚያው ነኝ አባዬ። ያን የሚያህል ቤት ውስጥ በየቀኑ እንብላ እላለሁ፤ ማን ይመልስልኛል? እህል አልወርድ ብሎኛል።"

ምን ልበላት? እኔ ተመልሶልኛል ልበላት? እናቷ ለእኔ መልሳ ለእሷ ዝም ማለቷን እንዴት ብዬ ልንገራት? አፈርኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩና "ስሚኝ፣ አልቻልኩም" አልኳት። "እንኳን ሦስት ቀን አንድ ቀንም አልቻልኩ። ከእናትሽ ጋር ሳወራ ነው የከረምኩት። ተሸንፌያለሁ፣ አያት ውሰጂኝ።"

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ሳቋ መጣ። አንገቴን አቅፋ "አንተ እኮ ለእኔ ስትል መዋሸት እንኳ አትችልበትም" አለችኝ።

ዕቃዬን በማግስቱ ጫንን።